ውሃው ከሚለያይበት ሸንተረር ላይ አንድ ቦታ

ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት
ለየካ ክፍለ ከተማ አስተዳደር
ግልባጭ፦ ለከተማው ነዋሪ ሁሉ

ጉዳዩ፦ ለፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ብሔራዊ መታሰቢያ የሚሆን ቦታ በእንጦጦ ሸንተረር ላይ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ



ከ30 ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ የየካ ነዋሪ ነኝ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት እግሬ ያውቀዋል። በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ፣ ጭቃው ሲጠና፣ ተማሪዎቼን ይዤ እወጣው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውሃ ይሸከማል። አናቱ ላይ ስንደርስ ግማሹን ወደ ሰሜን፣ ግማሹን ወደ ደቡብ እናፈሰውና ወዴት እንደሚሄድ እጠይቃቸዋለሁ።

ወደ ሰሜን የፈሰሰው በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ሙገርን ያገኛል፤ ሙገር ዓባይ ይገባል፤ ዓባይ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜድትራንያን ባሕር ይደርሳል። ወደ ደቡብ የፈሰሰው ቀበና ይወርዳል፤ ከተማችንን አቋርጦ ከአቃቂ ጋር አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከአንድ ጀሪካን ወጥቶ፣ በአንድ እርምጃ ልዩነት፣ አንዱ ባሕር ሌላው በረሃ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ ሳይቀር ወደ ሁለቱም ወገን እያየ የቆመበትን መሬት በእግሩ ይነካል።

ሀገሬን በዚህ ዓይን ማየት የተማርኩት ከፕሮፌሰር መስፍን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። ዛሬ የምጠይቃችሁም በዚያው ሸንተረር ላይ፣ በከተማው ክልል ውስጥ ባለው ጎን፣ ለእሳቸውና አብረዋቸው ለሠሩት ሰዎች መታሰቢያ የሚሆን ቦታ እንድትፈቅዱ ነው። ሐውልት አልጠይቅም። የምጠይቀው መሬት ነው፤ መሬቱ የሚመረጥበትና የሚገኝበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ፕሮፌሰር መስፍን በ1922 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ ተወለዱ፣ ሕንድ አገርና አሜሪካ ተማሩ፣ ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፣ መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም. በ90 ዓመታቸው አረፉ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በሰብአዊ መብት ተሟጋችነታቸው ነው፤ ወደዚያ ያደረሳቸው ግን የችጋር ጥናታቸው ነበር። ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን ሃያ ዓመታት መርምረው፣ ገበሬው የሚራበው ዝናብ ስለቀረ ብቻ እንዳልሆነ አሳዩ። ዝናቡ ከመቅረቱ በፊት ጎተራው በግብር፣ በመሬት ኪራይና በዕዳ ተራቁቷል፤ ቢጮህ የሚሰማው የለም፤ ድርቁ ሲመጣ የሚያገኘው አስቀድሞ የተገፈፈ ሰው ነው። ድርቅ የሰማይ ነገር ነው፤ ችጋር የአስተዳደር። ይህን ከጨበጡ በኋላ ስለ መሬት የሚጽፍ ሰው ስለ መብት ከመጻፍ የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረም።

ከዚያ ጥናት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። በ1958 ዓ.ም. ወረኢሉ ላይ ችጋር ገብቶ ሰው ሲያልቅ፣ የአካባቢው ፖሊስ የጻፈው ሪፖርት ከቢሮ ቢሮ እየተንከባለለ ዙፋኑ ዘንድ እስኪደርስ ከ300 ቀን በላይ ፈጀ። ደርሶም የተሰጠው ትእዛዝ የሞቱት ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ይቅረብ የሚል ነበር። አንድ ወረቀት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር፣ ወረኢሉ ላይ አንድ ቤት ይዘጋል። ይህን የምጽፈው ለመሥሪያ ቤት መሆኑን አውቄ ነው። የእኔ ማመልከቻ የሰው ሕይወት አይደለም፤ ቢዘገይ የሚሞት የለም። ግን የዚህ ሰው መታሰቢያ ጉዳይ 300 ቀን መዝገብ ቤት ቢተኛ ያሳዝናል።

በ1966 ዓ.ም. የቀድሞዎቹን ባለሥልጣናት እንዲመረምር የተቋቋመውን መርማሪ ኮሚሽን በሰብሳቢነት የመሩት እሳቸው ነበሩ። ሥራው በሕግ ሊያልቅ ሲገባው፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ያለ ፍርድ በደርግ ተረሸኑ። ከዚያ ሌሊት በኋላ በዚህ አገር ጥፋተኛ የተባለ ሰው እንኳ ዳኛ ፊት የመቆም መብት እንዳለው መናገር ራሱን የቻለ ድፍረት ሆነ። ደርግ ሲወድቅ፣ በመስከረም 1984 ዓ.ም.፣ 32 ሰዎች ሆነው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን፣ ሁላችንም ኢሰመጉ የምንለውን፣ መሠረቱ። ሊቀ መንበሩ እሳቸው ሆኑ።

ኢሰመጉ ምን ይሠራ እንደነበር ለወጣቶቻችን መንገር ያስፈልጋል። መግለጫ ያወጣ ነበር። መደበኛ መግለጫ፣ ልዩ መግለጫ፣ ቁጥር እየተሰጠው። መግለጫው በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ውስጡ ስም አለ፦ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ወረዳና ቀበሌ፣ የተያዘበት ቀን፣ የታሰረበት ወይም የተገደለበት ቦታ። ፕሮፌሰሩ ካርታ ሠሪ ነበሩና ነገር ሁሉ ቦታና ቀን እንዲኖረው ይፈልጉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ድርጅቱ ለዓመታት ሕጋዊ ምዝገባ ተነፍጎት፣ የባንክ ሒሳቡ ታግዶ ነው ይህን የሠራው። የተመዘገበው በ1991 ዓ.ም. ነው።

ዋጋም ተከፍሎበታል። የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባልና የመምህራን ማኅበር አመራር የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. ጠዋት በእግራቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ልክ በአራት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ፕሮፌሰር መስፍን ከዶክተር ብርሃኑ ነጋ ጋር ታሰሩ፤ ጥፋት የተባለባቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለተማሪዎች ስለ መብት መናገራቸው ነበር። በ1998 ዓ.ም. ከተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎች ጋር እንደገና ሲታሰሩ 75 ዓመታቸው ነበር። ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ። እኔም መምህር ነበርኩና የአቶ አሰፋን ስም ያለ ፕሮፌሰሩ፣ የፕሮፌሰሩን ያለ አቶ አሰፋ መጥራት አይሆንልኝም። መታሰቢያውም አይለያቸው።

አንድ የሰፈሬን ታሪክ ፍቀዱልኝ። በዚያው በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ፣ ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸውን በጥይት አጡ። ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ንፍሮው ተቀቀለ፣ እድሩ ድንኳን ተከለ። ግን እንዴት እንደሞተ የሚጠይቅ ጠፋ። እኔም አልጠየቅኩም። ፈራሁ። ሁላችንም «እግዜር ያጥናዎት» ብለን ዓይናችንን መሬት ላይ ተክለን እንቀመጣለን። በአራተኛው ቀን ሁለት ወጣቶች ደብተር ይዘው ከኢሰመጉ መጡ። ከእናትየው አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጡና ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠየቁ። ስንት ዓመቱ ነበር? የት ይማር ነበር? ምን ለብሶ ወጣ? በስንት ሰዓት? እማማ እስከዚያ ቀን ከማልቀስ በቀር አንድ ቃል አልወጣቸውም ነበር፤ ያን ቀን ግን ጫማውን ሳይቀር እየገለጹ መለሱ። ወጣቶቹ ሲሄዱ ወደ እኔ ዞረው «ጻፉት እኮ» አሉኝ። ደግመው ደጋግመው፣ «ጻፉት እኮ፣ መምህር»።

እማማ ዛሬ በሕይወት የሉም። እኔ ግን መታሰቢያ የሚለውን ቃል ስሰማ የሚታየኝ ያ ደብተር ነው።

አሁን ወደ ቦታው ልመለስ።

መታሰቢያ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰበው አደባባይ ነው። ከተማችን አደባባይ ሙሉ ታሪክ አላት፦ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት፣ መስቀል አደባባይ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም፣ ፒያሳ የዐድዋ ድል መታሰቢያ። ሁሉም በቦታቸው ያምራሉ። ግን አደባባይ የመንግሥት ፊት ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ ፊቱም ይለወጣል። በ1976 ዓ.ም. የቆመው የሌኒን ሐውልት ስምንት ዓመት ሳይሞላው በገመድ ተጎትቶ ወርዷል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ፣ ማንም የማይከራከርበት ሰማዕት ሆነው ሳለ፣ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መሥመር ተነሥቶ ከዓመታት በኋላ ነው የተመለሰው። ዕድሜውን ሙሉ ከሦስት መንግሥታት ጋር የተከራከረን ሰው በአንዱ መንግሥት አደባባይ ላይ ማቆም ለእሱም ለአደባባዩም የሚመች አይመስለኝም።

ሸንተረሩ ግን የማንም ፊት አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተማውን በአንድ ወገን፣ ገጠሩን በሌላ ወገን ያያል። ፕሮፌሰሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሙት እዚያ ላይ ነበር፤ ከተማ ተቀምጠው ስለ ወረኢሉ ገበሬ የሚጽፉ ሰው ነበሩ። እዚያ የቆመ ሰው ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ካርታውን ራሱ ያያል።

አሜሪካኖች ለማርቲን ሉተር ኪንግ በዋሽንግተን መታሰቢያ ሲሠሩ ከሁሉ በፊት የተጨነቁበት ቦታው ነበር። ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ፤ ቦታው የጸደቀው በ1999 ነው፤ የተመረቀው በ2011። የመረጡት የውሃ ዳር በሊንከንና በጄፈርሰን መታሰቢያዎች መካከል ነው፤ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብሎ በጻፈውና ባሪያን ነፃ ባወጣው መካከል፣ የጎደለውን የጠየቀው። ቦታው ብቻውን ይናገራል። ድንጋዩ ላይ የቀረጹት ጽሑፍ ግን አሳፈራቸው፦ የሰውየውን ቃል አሳጥረው ሌላ መልክ ስለሰጡት ብዙ ሰው ተቆጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ፋቁት። የሰውን ቃል ቆርጦ ድንጋይ ላይ ከመለጠፍ ቦታው ራሱ እንዲናገር መተው ይሻላል። ስለዚህ በእኛም መታሰቢያ የፕሮፌሰሩ ጥቅስ በትልልቅ ፊደል እንዲቀረጽ አልጠይቅም። መጻሕፍታቸው፣ «የክህደት ቁልቁለት»፣ «መክሸፍ እንደ ኢትዮጵያ ታሪክ»፣ ሌሎቹም፣ ሙሉውን ለሚያነብ ሰው መደርደሪያ ላይ ይቀመጡ።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልናገር። በቅርብ ዓመታት ከተማችን ተለውጣለች። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከቀበና እስከ ፒያሳ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ከኖረበት ሰፈር ተነሥቷል። ልማቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ላይ በጤና እሄዳለሁ። ነገር ግን ለሰብአዊ መብት ሰው መታሰቢያ ሲባል አንድ የጭቃ ቤት ቢፈርስ፣ አንዲት መበለት ከጓሮዋ ብትነሣ፣ መታሰቢያው በተመረቀበት ቀን ሞቷል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አራት የኢሰመጉ ባልደረቦች ዓለም ገና አካባቢ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ሰዎችን ጉዳይ ሊያጣሩ ሄደው እንደታሰሩ አትርሱ። የመሥራቻቸው መታሰቢያ እነሱ ሄደው መግለጫ የሚጽፉበት ቦታ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ቦታው ባዶ የሆነ፣ ሰው የማይኖርበት፣ ገበሬ የማያርሰው፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ይዞታዬ ነው የማይለው ይሁን። እንዲህ ያለ መሬት ከባሕር ዛፉ መካከል አለ፤ ዞሬ አይቻለሁ። ሰው መነሣቱ የግድ ከሆነ ግን ጥያቄዬን አንሥቻለሁ። መታሰቢያው ይቅር።

የማይስማሙ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ፕሮፌሰር መስፍን ፓርቲ መሥርተዋል፣ በምርጫ ፖለቲካ ገብተዋል፤ ስለዚህ የአንድ ወገን ሰው ናቸው የሚል ይኖራል። በሽግግሩ ጊዜም ሆነ በኋላ ስለ ብሔረሰብ ፖለቲካ የተናገሩት እስከ ዛሬ የሚያስቆጣው ሰው አለ፤ ከራሴ ዘመዶች መካከል ስማቸው ሲነሣ ከገበታ የሚነሡ አሉ። ቃላቸው ስለታም ነበር፤ ሰው ይጎዳ ነበር። ይህን መደበቅ ለእሳቸውም ውለታ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ግን ለሐሳባቸው ሁሉ ማኅተም እንድታደርጉ አይደለም። የኢሰመጉን መግለጫዎች አንሥታችሁ ስሞቹን አንብቡ። የኦሮሞ ስም፣ የአማራ ስም፣ የትግሬ፣ የሲዳማ፣ የሶማሌ፣ የአኙዋክ ስም ታገኛላችሁ። የማይወዷቸው ሰዎች ልጅ ሲታሰርም ያው ደብተር ተከፍቷል። መታሰቢያው የሚቆመው ለዚያ ደብተር ነው።

እንዴት ያለ መታሰቢያ? ባለሙያ አይደለሁም፤ የምመኘውን ብቻ ልንገራችሁ። ሸንተረሩን ተከትሎ ከወገብ የማይበልጥ የካብ ግድግዳ፣ ከዚያው ከእንጦጦ ድንጋይ። ግድግዳው ላይ በመግለጫዎቹ የተመዘገቡ ስሞች፣ ቤተሰብ የፈቀደው ብቻ፣ ከነቀኑና ከነቦታው። የወረኢሉ ሟቾች ስም በንጉሡ ትእዛዝ የተጠየቀው እንጀራ መላክ ሲገባ ነበር፤ እዚህ ግን ስም የሚጻፈው ማንም እንዳይረሳው ነው። አጠገቡ አንድ ክፍል የንባብ ቤት፤ ሙሉዎቹ መግለጫዎች በጥራዝ፣ ካርታዎቹ ግድግዳ ላይ። ባሕር ዛፉ ቀስ በቀስ በጽድ፣ በወይራና በኮሶ ይተካ። አጥር አይኑረው፤ የመግቢያ ክፍያም አይኑረው። ጠባቂ ሲቀጠር ከዚያው ከሰፈሩ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። በዚያ መንገድ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ የሚያልፉ እናቶች አሉ። ከጫካው ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ሸክም ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጎንበስ ብለው እየሮጡ ይወርዳሉ። ሸክሙን አውርደው መሬት ካስቀመጡት ብቻቸውን መልሰው ማንሣት ስለሚከብዳቸው፣ የሚያርፉት ወገብ የሚያክል ድንጋይ ወይም ግንብ ሲያገኙ ብቻ ነው፤ ሸክሙን እላዩ ላይ ያሳርፉና ቀጥ ይላሉ። የመታሰቢያው ግድግዳ ከፍታ በእነሱ ይለካ። አናቱ ሰፊና ለስላሳ ይሁን። ማንም ጠባቂ «እዚህ ማሳረፍ ክልክል ነው» እንዳይላቸው በመተዳደሪያው ላይ ይጻፍልኝ። ችጋር ማለት ኃይል ማጣት ነው ብሎ ያስተማረን ሰው መታሰቢያ፣ ከመራቂዎቹ በፊት እነዚህን እናቶች ማገልገል አለበት።

የምጠይቀው ይህ ነው። ምክር ቤቱ ቦታውን በውሳኔ ያጽድቅ፤ የከንቲባ ወይም የክፍለ ከተማ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤ ይሻራል። ይዞታው ካርታ ይውጣለትና በቅርስነት ይመዝገብ። ቦታው ከመለካቱ በፊት በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በአካባቢው ላለው ነዋሪ ስብሰባ ተጠርቶ የሚቃወም ሰው ይሰማ፤ ድንበሩም ከኦሮሚያ ጎረቤቶቻችን ጋር በግልጽ ይታይ፤ ውሃው ለሁለታችንም ነውና እነሱም በምክክሩ ይገኙ። ገንዘቡ ከመንግሥት ብቻ ባይመጣ ደስ ይለኛል። በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ብዙ ናቸው፤ እኔም ከጡረታዬ የበኩሌን አዋጣለሁ።

መልሳችሁ እምቢ ከሆነም በጽሑፍ ይሁንልኝ፤ ምክንያቱና ቀኑ ያለበት ይሁን።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን አንድ ቀን ውጡና እዩት። የመሬት አስተዳደር ባለሙያውንም ይዛችሁ ኑ። መኪና እስከ አናቱ አይሄድም፤ የመጨረሻው 20 ደቂቃ በእግር ነው። ቀኑን አሳውቁኝ እንጂ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እዚያ እጠብቃችኋለሁ፤ ጀሪካኑን ውሃ ሞልቼ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካ